መብራት ሄደ፣ ፓስታ አልፎርኖው ግማሽ ላይ ቀረ! ቶሎ መልሱልኝ

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ! እህቴ ከአሜሪካ መጥታ ትናንት ለገና የጠበሰችው ተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ተርፎ፣ ዛሬ በፓስታ አልፎርኖ ልጨርሰው ብዬ ትሪውን ኦቨን በከተትኩ በአሥር ደቂቃው መብራት ጠፋ። እንግዶች 12 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ነጩ ሶስም ጓጉሎብኛል። ምን ላድርግ?

እናት ከፍኖተ ሰላም
እታለም፣ መጀመሪያ ሥጋው የት ነው ያደረው? ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ከሆነ ጣዪው፣ አይቆጭሽ። ፍሪጅ ከነበረ እስከ 3 ቀን ችግር የለውም። አሁንም ፍሪጁን ቶሎ ቶሎ አትክፈቺው፤ ተዘግቶ ከቆየ ያለ መብራት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከበዓል በኋላ ስንቱ ቤት በዚህ ነው ሆዱን የሚታመመው።

የቢቸና ልጅ
ቆይ፣ ፓስታ ለምን አስፈለገ? በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስ አድርጊና በእንጀራ አቅርቢው።

ጠያቂ
ትሪው ሞልቷል እኮ ወንድሜ! ፓስታው ተቀቅሎ ሶሱም ፈሶበታል። ሥጋው ፍሪጅ ነው ያደረው።

አክስት ከባሕር ዳር
ከሰል አለሽ? ድፎ ዳቦ በምን ነበር የምንጋግረው? እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ። ወፍራም ብረት ድስት ቅቤ ቀቢ፣ ኮባ ካገኘሽ አንጥፊበት፣ ፓስታውን ገልብጪ፣ በብረት ክዳን ክደኚና ፍም ጫኚበት። የታቹ ፍም ትንሽ ይሁን፣ የላዩ ይብዛ። ፓስታው በስሏል፤ የቀረው መሃሉ ድረስ በደንብ መሞቅና ላዩ መቅላት ብቻ ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ገለጥ አድርገሽ እዪ፣ መሃሉ መፍለቅለቅ አለበት። ደግሞ በሞቴ፣ ከሰሉን በረንዳ ላይ አድርጊው። ቤት ዘግቶ ከሰል ሰው ይገድላል።

የቢቸና ልጅ
እንዲህ ከሆነስ እኔም መጣሁ፣ ሳህን ጨምሩ!

ከእንጅባራ
ላዩ ላይ አይብ በትኚበት፣ ይቀልጣል።

አክስት ከባሕር ዳር
አይብ አይቀልጥም ልጄ፣ ይደርቃል እንጂ። ፕሮቮሎን (የሚቀልጠው ቺዝ) ከሌላት የዳቦ ፍርፋሪ በቅቤ አሽታ ትነስንስበት።

ሆቴል የምሠራ (ባሕር ዳር)
ተርኪ ስቡ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። አንድ ብርጭቆ የሞቀ ወተት ዙሪያውን አፍስሺበት። የጓጎለው ሶስ አሁን ከፓስታው ጋር ስለተቀላቀለ ተዪው፣ ድስት ውስጥ የቀረ ሶስ ካለ ግን በወንፊት አጥልዪው። ለሌላ ጊዜ 50 ግራም ቅቤና 50 ግራም ዱቄት አብረሽ አቁላይና ግማሽ ሊትር ወተት ጥቂት በጥቂት እያማሰልሽ ጨምሪ። ፓስታውንም ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው 2 ደቂቃ ቀድመሽ አውጪው፣ ኦቨን ውስጥ ይጨርሳል።

ከደጀን
ከሰል ሞክሪ፣ ከላይም ከታችም።

አባት ከሞጣ
ነገ አርብ ነው ልጆች። ዛሬ ያልተበላው እስከ ቅዳሜ መቆየቱ ነው፣ መብራቱም እንዲህ ሆኖ። ለጎረቤት ጭምር አካፍላችሁ ዛሬውኑ ጨርሱት።

ጠያቂ
ከሰሉን አቀጣጥያለሁ! ኮባ ከጎረቤት አገኘሁ። ስልኬ 4 ፐርሰንት ነው የቀረው፣ እመለሳለሁ።

እናት ከፍኖተ ሰላም
እታለም፣ እንዴት ሆነልሽ? ታቹ አረረ እንዴ?