ነፍሰ ጡር ሆኜ ከሥራ ተባረርኩ፣ መብት አለኝ?

የሳቢያኗ፦
ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሰባት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠራኝና «በዚህ ሙቀት አትችይም፣ ቤትሽ ሆነሽ ውለጂ» አለኝ። ደብዳቤ አልሰጠኝም። የጽሑፍ ውልም የለኝም። ባለቤቴ ባጃጅ ነው የሚሠራው፣ የሱ ገቢ ከቤት ኪራይ አያልፍም። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የከዚራ ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ፣ መብትማ አለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት፣ እንደ ከባድ ጥፋት ያለ ሕጉ የዘረዘረው ምክንያት ከሌለ በስተቀር፣ በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ሊያሰናብትሽ አይችልም። ሙቀት ምክንያት አይሆንም! የወሊድ ፈቃዱም ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ነው፣ ከነደመወዙ። የቃል ውልም ውል ነው።

እናት ነኝ፦
እኔ ላይ የደረሰው አንቺ ላይ እንዳይደርስ። «ልጄን ወልጄ ልክሰስ» ብዬ ቀኑ አለፈብኝ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሆድሽ ሳይከብድ አሁኑኑ ፍርድ ቤት ሂጂ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ደመወዝ በባንክ ከሆነ የሚገባልሽ የሂሳብ መግለጫ አስወጪ። የእርግዝና ክትትል ካርድሽን፣ አለቃሽ የላከልሽን መልእክት ሁሉ ያዢ። ምንም ወረቀት ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

የሳቢያኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ደመወዜ በባንክ ነው የሚገባው። ነገ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከባለቤቴ ጋር እንሄዳለን።