የመሮጫ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ፣ ነገ ጠዋት ወንዶ ገነት ነኝ! እርዱኝ

ታቦር ማለዳ (አርብ፣ ከቀኑ 10፡20)
ሰላም ቤተሰብ። የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ከሀዋሳ ተነስተን ወንዶ ገነት ልንሮጥ ነው። ከፍልውሃው ተነስቶ ጫካውን ወጥቶ፣ መስኩን ዞሮ በሌላ በኩል የሚወርደው ዙር ነው፤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሌላ መሮጫ ጫማ የለኝም። ሦስት ወር የተዘጋጀሁበት ነው። ዛሬ ማታ ምን ላድርግ? ቶሎ በሉልኝ እባካችሁ።

ሐይቅ ዳር
ሱፐር ግሉ ግዢ። ጠብ ጠብ አድርገሽ አምስት ደቂቃ ጨብጠሽ ያዢው፣ አለቀ።

አላሙራ ሯጭ
የቱ ጋ ነው የተላቀቀው? አፍንጫው ነው ተረከዙ? ጎማው ብቻ ነው ወይስ ስፖንጁም አብሮ? ይሄን ሳናውቅ ምን እንበልሽ?

ደብረ ዘይት መንገድ
አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሶሉ ተላቆ ነበር እንዴ? እግርሽን ይዘሽ ሂጂ እህቴ! 😀

የጠዋት ሰው
አበበን እንዲህ በቀላሉ አታንሱት። እንደ ፈረንጆች 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። እውነት ነው። ግን የሮጠው በከተማ መንገድ ላይ ነው፤ እግሩም የለመደ ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2፡12፡11 ገባ፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ። ጫካ ውስጥ ደግሞ የዛፍ ሥር አለ፣ እሾህ አለ፣ ሹል ድንጋይ አለ። ልጅቷን አታሳስቷት።
እግረ መንገዴን ልናገር፦ ብቻችሁን አትበታተኑ። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ይዛችሁ ግቡ። ውሃ ያዙ። ከሰዓት ደመና ከያዘ ጫካ ውስጥ አትቆዩ። ቤት ላለ ሰው የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩ። ይሄ ከጫማው ይበልጣል።

ታቦር ማለዳ
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አራት ነን፤ አንዱ የዚያው ልጅ ነው። ጫማው አፍንጫው ጋ ነው የተከፈተው፣ አራት ጣት ያስገባል። ጎማውና ስፖንጁ አንድ ላይ ናቸው፤ ከላይኛው ጨርቅ ነው የተለዩት። ሰልባጅ ነው የገዛሁት። ባለፈው ሳምንት አጥቤ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው።

ሚሚ ዘ ሀዋሳ
ሱፐር ግሉ ይበቃሻል። እኔ ሸበጤን በእሱ ነው የማጣብቀው።

ጋሼ ወስፌ
ልጄ፣ ሱፐር ግሉውን ተይው። እሱ ሲደርቅ እንደ መስታወት ነው። የጫማ አፍንጫ በየእርምጃው ይታጠፋል፤ አቀበቱን ሳትጨርሺ ይሰነጠቃል። ሸበጥ ሌላ ነው፣ ሸበጥ አይሮጥበትም።
አባቴ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ እኔም እጄ ላይ አለ። ቆርቆሮ ላይ ማስጣትሽ ነው የጎዳው። የሶል ማጣበቂያ ሙቀት ሲበዛበት ይለቃል፤ አሮጌ ጫማ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛ ጥላ ውስጥ አድርቂው፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልተሽ።
አሁን የምታደርጊው፦ ሳይመሽ ሰፊ ጋ ሂጂ። የተከፈተውን በደንብ ይጥረገው፣ የድሮውን ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያውጣ። አዲሱን ማስቲሽ በሁለቱም በኩል ስስ አድርጎ ይቀባ። ወዲያው እንዳይገጥመው! አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ። በጣትሽ ስትነኪው ያዝ የሚያደርግ፣ ግን እጅ ላይ የማይቀር ሲሆን ነው የሚገጠመው። ከዚያ በኃይል ይጫን፣ በመዶሻ ዙሪያውን ይምታው።
ማስቲሽ በደንብ እስኪጠነክር አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። አንቺ ያለሽ ሌሊቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አፍንጫውን በናይለን ክር ያሰፋልሽ። ቋጠሮው በውጭ በኩል ይቅር። ውስጥ ከቀረ ቁልቁለት ላይ ጣትሽን ይልጠዋል። ብር ሳትከፍዪ እጅሽን አስገብተሽ ዳብሺው።

አላሙራ ሯጭ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ግን እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ፦ ለምን የግድ ነገ? እዚሁ ሀዋሳ የአላሙራ ተራራ አለልሽ፣ የታቦር ተራራም ደጅሽ ነው። በተሰፋ ጫማ ጤዛ ያለው ሣር ላይ መውረድ አደጋ ነው። ሶሉ ራሱ ለአስፋልት የተሠራ ከሆነ ቢጣበቅም ያንሸራትታል።

ታቦር ማለዳ
ታቦርን በሳምንት ሦስቴ እወጣዋለሁ፣ ስሜም እሱ ነው። ወንዶ ገነት ግን ሌላ ነው። ጠዋት ዝግባው መሃል ስትገባ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሲዘሉ ቅጠሉ ይረግፍብሃል። ከዚያ ድንገት ጫካው ያልቅና መስኩ ይከፈታል። አንዴ በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ በሩጫ ግን አልሞከርኩትም። ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ ቃሌ ነው።

መናኸሪያ ጎረቤት
እህቴ ቁጥርሽ ስንት ነው? የእህቴ መሮጫ ጫማ አለ፣ 39። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ነኝ፣ አሁን ላመጣልሽ እችላለሁ።

ታቦር ማለዳ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ! 38 ነኝ።

ሚሚ ዘ ሀዋሳ
ሁለት ካልሲ አድርጊበት።

የጠዋት ሰው
ሁለት ካልሲ ሜዳ ላይ ያስኬዳል። ቁልቁለት ላይ ግን እግር ወደፊት ይንሸራተታል፤ ጥፍሯ ይጠቁራል። ያልለመደችውን ጫማ ለ14 ኪሎ ሜትር አልመክራትም። ግን ሻንጣ ውስጥ ትያዘው። የተሰፋው ከተከፈተ ቀይራው በእርምጃ ትመለሳለች።

ደብረ ዘይት መንገድ
የቅድሙን ለቀልድ ነው፣ ይቅርታ። አሁን የምሬን፦ ሜትር ተኩል የሚሆን ጠንካራ ሲባጎ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ከተከፈተ በሶሉ ጥርስ መሃል አሳልፈሽ ከላይ ከጫማው ክር ጋር ትቋጥሪዋለሽ። ሲባጎው ጥርሱ መሃል ከገባ ድንጋይ ቶሎ አይበላውም። እኔ በዚህ አምስት ኪሎ ሜትር ወርጃለሁ። ፕላስተር ግን አትመኚ፣ ወዲያው ያልቃል።

ታቦር ማለዳ (አርብ፣ ምሽት 12፡35)
ሰፊው ጋ ተቀምጫለሁ። ማስቲሹ ተገጥሟል። አሁን ክሩን ሻማ ላይ እያሸ በወስፌ እየሰፋ ነው። ጋሼ እንዳሉት ቋጠሮውን በውጭ በል አልኩት፤ «ማን ነው የነገረሽ?» ብሎ ቀና አለ። የመናኸሪያው ወንድሜ ጫማውን አምጥቶልኛል፣ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቷል። ሲባጎም ገዛሁ። እጄን አስገብቼ ዳብሼ ልክፈልና ልተኛ።

ጋሼ ወስፌ
ጎበዝ። ሌሊቱን ከላዩ ከባድ ነገር ጫኚበት፤ ድንጋይም ቢሆን።

አላሙራ ሯጭ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡10)
ታቦር ማለዳ፣ ወረዳችሁ? ሶሉ ያዘ?

መናኸሪያ ጎረቤት (ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡45)
ስልኳ አይነሳም፤ ፍልውሃው ውስጥ ናቸው መሰለኝ። ስትመለሺ ጻፊልን።

ቄጠማ (ማክሰኞ)
ሰላም። ያ ሰፊ የት አካባቢ ነው ያለው? የኔም ተረከዙ ከፍቷል፤ ቅዳሜ አላሙራን ልወጣ ነበር።