ከጨረር ጋር ሲስፕላቲን ለምን ይሰጣል?

የሐዋሳ ልጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የማህፀን በር ካንሰር ተገኝቶባታል። ጨረር ልትጀምር ነው፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ ሲስፕላቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣታል ተባልን። እሷ ግን «ጨረሩ ይበቃኛል፣ መድኃኒቱ አቅሜን ይጨርሰዋል» ብላ እምቢ አለች። የግድ ነው እንዴ?

ነርስ ከአዳማ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ኩላሊቷ ደህና ከሆነ እንዳይቀርባት! ጨረር የካንሰሩን ሕዋስ ዲኤንኤ ይበጣጥሳል፤ ሕዋሱ ግን ዝም ብሎ አይሞትም፣ የተበጠሰውን ለመጠገን ይታገላል። ሲስፕላቲን ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ ያንን ጥገና ስለሚያደናቅፍ ያው ጨረር የበለጠ ይሠራል። በ1999 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሁለቱ አብረው እንዲሰጡ ያሳሰበው፣ 5 ትልልቅ ጥናቶች በሕይወት የመቆየት ዕድልን እንደሚጨምር ስላሳዩ ነው። ማቅለሽለሹ ይከብዳል፣ አልዋሽሽም፤ ማስታገሻ ግን አለው።

ታቦር ሰፈር፦ እናቴም ወስዳዋለች። ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ሳላይን (የጨው ውሃ) ይንጠለጠላል፣ መድኃኒቱ ኩላሊቷን እንዳይጎዳ ነው፤ ነርሶቹን አያስቸኩሏቸው። ክሬቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ሳይታይ እንዳትጀምር። ጆሮዋ ጭው ካለ ለሐኪሙ ይነገር።

የሐዋሳ ልጅ፦ ተባረኩ። ሄሞግሎቢኗ 8 ነው፣ ችግር አለው?

ነርስ ከአዳማ፦ አለው። ኦክስጅን የሚያደርሰው በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው፣ የእሷ ደግሞ ዝቅ ብሏል፤ ኦክስጅን ያነሰው ዕጢ ለጨረር አይበገርም። ነገ ጠዋት ውጤቱን ይዘሽ ሐኪሟ ጋ ሂጂ፣ ደም ያስፈልጋት እንደሆነ እሱ ይወስናል።