ናሙና አወጣጥ ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እስኪ አብሽር በሉኝ

ሰላም ወገኖች። የማስተርስ ጥናቴ የበልግ ዝናብ መዛባት በደቡብ ወሎ ገበሬ ላይ ስላመጣው ጣጣ ነው፤ ወረዳዎቹ ደጋው ለጋምቦና ሞቅ የሚለው ቃሉ ናቸው።

ስንት ሰው ልጠይቅ የሚለው አላስቸገረኝም። የናሙና መጠን በሚሰላበት በያማኔ ቀመር 5 በመቶ ስህተት ከያዝክ ሕዝቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ከ400 አያልፍም፣ በሌላው ቀመር በኮክራን ደግሞ 384 ነው። የጨነቀኝ የቀበሌ መረጣው ነው። አማካሪዬ «በየደረጃው ምረጥ» (መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ሰው ማለቱ ነው) ብሎኝ ሄደ። 10 ቀበሌ በ40 ሰው ይሻላል ወይስ 20 ቀበሌ በ20? የአንድ ቀበሌ ሰው ዝናቡም መሬቱም አንድ ስለሆነ መልሱ ይመሳሰላል፣ ለዚያ ማካካሻ ናሙናውን በ1.5 ወይም በ2 አባዛው ይሉኛል፣ እሱን ካደረግኩ ደግሞ (ትራንስፖርቱን ብቻ አስቡት) ኪሴ አይችልም።

ሌላው ሰው የምመርጥበት የስም ዝርዝር ነው። ከአንድ ቀበሌ ያገኘሁት መዝገብ የሞተ ሰው አለበት፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ግን የሉበትም። አንድ አባት የቅሬያቸውን (የወሎ እድር ማለት ነው) ደብተር አሳዩኝ፤ ጠርዙ ያለቀ፣ የለቀቀው በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ፣ አዲስ ጎጆ የወጣው ከሥር የተጨመረበት። እኔ እሱን ነው የማምነው። ግን የቅሬ አባል ያልሆነውን ምን ላድርገው? ደግሞስ ፈታኞቹ ይቀበሉኛል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፕሮፖዛሉን አስገባለሁ።