አስቸኳይ፦ የታይሮይድ መድኃኒቴ አለቀ፣ ባለ 50ው ጠፋ

ጠያቂ፦ እህቶች ቶሎ መልሱልኝ። ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ነው የታዘዘልኝ፣ የመጨረሻዋን ፍሬ ዛሬ ጠዋት ዋጥኳት። የዞርኩባቸው ፋርማሲዎች በሙሉ «ያለን 100 ብቻ ነው» አሉኝ። ሐኪሜ እስከ ሰኞ የለችም። ልጅ ከፈለግን ሁለት ዓመት አልፎናል፤ 9 የነበረው ቲኤስኤች (ታይሮይዴ የሚለካበት የደም ምርመራ) ገና መውረድ መጀመሩ ነበር። አማቴ ደግሞ «ተይው ሲልሽ ነው» ይላሉ። እስከ ሰኞ ብተወው ምን እሆናለሁ?

ቤዛ፦ አይዞሽ የኔ እህት። 100ውን ገዝተሽ ለሁለት ክፈይው።

የቀበናው፦ አንገትሽ አብጧል? እንቅርት ከሌለብሽ ምኑ ነው ታይሮይድ? ይልቅ ባልሽ ይመርመር።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ አንገት ሳያብጥም ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ይደክማል። ሲደክም አንጎል «ሥሪ፣ ሥሪ» እያለ ይጎተጉተዋል፤ ቲኤስኤች የሚጨምረው ለዚህ ነው። በዚሁ ጉትጎታ ፕሮላክቲን የሚባለው የጡት ወተት ሆርሞንም ሊጨምር ይችላል፤ ያኔ እንቁላል በወሩ መውጣቷን ልታቆም፣ የወር አበባም ሊዛባ ይችላል። ታይሮይዷ ሲስተካከል ብዙ ሴት ታረግዛለች። ስለ ባልየው ግን እውነትህን ነው፣ እሱም ጎን ለጎን ይታይ።

ለጠያቂዋ፦ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። እስከ ሰኞ ቢቋረጥ አደጋ ላይ አትወድቂም፤ ግን ለምን ይቋረጣል? ማዘዣሽን ለፋርማሲስቱ አሳዪና የ100ው ፍሬ መሃሉ ላይ መስመር እንዳለው አብራችሁ እዩ። ካለው ግማሹ 50 ነው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ውሰጂው፤ ቁርስና ቡና ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ።

ለምለም፦ እኔ ቡናዬን ከማዘገይ ባሌን ባዘገይ ይሻለኛል 😂

ከሪያድ፦ የደም ማነስ ኪኒን ወይም ካልሲየም ትወስጃለሽ? ከሆነ 4 ሰዓት አራርቂው፣ አብሮ ሲዋጥ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል።

አቤል፦ ለሁለት ክፈይው፣ አለቀ።

ቤዛ፦ እኔስ ምን አልኩ?

ጠያቂ፦ አይረን እወስዳለሁ፣ ያውም አንድ ላይ! ማንም አልነገረኝም። የወር አበባዬም ቀርቷል፣ ግን በፊትም ይዘገይብኝ ስለነበር ትኩረት አልሰጠሁትም።

ሲስተር፦ እሱን ነበር መጀመሪያ መንገር! ዛሬውኑ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። አርግዘሽ ከሆነ ሰኞን አትጠብቂ፣ ሌላም ሐኪም ቢሆን ያግኝሽ፤ ብዙውን ጊዜ የመድኃኒቱ መጠን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ መጨመር አለበት። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው በአንቺ ሆርሞን ነው። ካላረገዝሽም ቲኤስኤችሽ መቼ እንደሚደገም ሰኞ ጠይቂያት፤ ልጅ ለምትፈልግ ሴት ብዙ ሐኪሞች ከ2.5 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለአማትሽም በአክብሮት ንገሪያቸው፦ ፅንሱን የሚጎዳው መድኃኒቱን መተው ነው።

ለምለም፦ እግዚአብሔር ይስማሽ እህቴ። ውጤቱን ጻፊልን።

ሃና፦ ጠያቂዋ ዝም አለች እንዴ? 100ው የት ሰፈር ነው የተገኘው? እኔም እየፈለግኩ ነው።