ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ ለትንሽ ንግድ የሚሆን ብድርና የሒሳብ አያያዝ፣ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ የባሕር ዳር ልጆች። ፓፒረስ አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት አለኝ። ገበያው አይከፋም፤ ኪራይ ስከፍል ግን እጄ ባዶ ይቀራል። ከቴሌብር የወሰድኩት ብድር አለ፣ ከአንድ ሰው የተበደርኩት አለ፣ በዱቤ በልተው ያልከፈሉኝ ደንበኞችም አሉ። ሁሉንም በአንድ ብድር ጠቅልዬ ልገላገል አስቤያለሁ። ከየት ብበደር ይሻላል? ለሒሳብ የሚሆን አፕስ ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ፦
እህቴ፣ የትንንሽ ንግድ ቤቶችን ሒሳብ ነው የምሠራው፤ ያንቺን ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። ብድር ለመምረጥ በወር ስንት መክፈል እንደምትችዪ ማወቅ አለብሽ፤ እሱን የሚነግርሽ መዝገብ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር።

ለቁርስ ቤት የምጠቁምሽ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠውን ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነው። ቀን፣ ዝርዝር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ ብለሽ አስምሪው። ማታ ቤቱን ሳትዘጊ ጻፊ፤ ለነገ የተባለ ሒሳብ ይረሳል። ወጪ ስልሽ ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ከሰሉና የሠራተኛ ደመወዙ ብቻ አይደለም። ከመሳቢያው አውጥተሽ ለቤትሽ አስቤዛ ያዋልሽውና ለልጅ ትምህርት ቤት የከፈልሽውም በራሱ ዓምድ ይግባ። ገበያ እያለ እጅ ባዶ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ለራስሽ ቁርጥ ያለ ደመወዝ መድቢ፣ ከዚያ በላይ አትንኪ። ዱቤ ለብቻው ደብተር ይኑረው፤ ለአንድ ደንበኛ አንድ ገጽ፣ ሲበላ ይፈርም፣ ሲከፍል ይሰረዝለት። ያልተከፈለ ዱቤ እጅሽ እስኪገባ ድረስ ለኪራይ ይሆነኛል ብለሽ አትቁጠሪው።

አፑን በተመለከተ፣ ስልክሽ ላይ ጉግል ሺትስ በነጻ አለ፣ ድምሩን ራሱ ይሠራል። ሆኖም በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንርሳ። ሒሳቡ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ሰው ያን ጊዜ ምን እንደደረሰበት ብዙዎቻችን አይተናል። ዋናው ደብተሩ ይሁን፣ ስልኩ ማመሳከሪያ። ለንግዱ ብቻ የሚሆን የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ለይተሽ ያዢ፤ የግብይት ዝርዝሩን በወር በወሩ ከደብተሩ ጋር አስተያዪ። ቴሌብር ኔትወርክ እስካለ ድረስ በ*127# ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

አሁን ወደ ብድሩ። ቴሌብር መላ ያለ መያዣ ቶሎ የሚገኝ ነው፤ ለሁለት ሦስት ቀን የዕቃ መግዣ ቢያጥርሽ ይጠቅማል። እንደኪሴ የሚባለው የቴሌብር አገልግሎት ደግሞ ስትከፍዪ ሒሳብሽ ሲያንስ የሚሞላልሽ ነው። ሁለቱንም ዕዳ ለመክፈል እንድትጠቀሚባቸው አልመክርም። አጭር ብድር ትንሽ ይመስላል እንጂ ሲደጋገም ይከብዳል፤ ለምሳሌ 1,000 ብር ወስደሽ በወሩ 1,050 ብትመልሺና ወር በወር ብታድሺው፣ በዓመት 600 ብር ከፍለሽ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቀመጣል።

ለዓመት የሚሆን ብድር ከሆነ ጸደይ ባንክን (ድሮ አብቁተ፣ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የምንለውን) እና በመሥሪያ ቤት ወይም በሰፈር ያሉትን የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አነጻጽሪ። ማኅበራቱ መጀመሪያ እንድትቆጥቢ ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ነገ ለሚደርስ ዕዳ አይሆኑም። እኔ ግን ጊዜ ላለው ሰው እነሱን አስቀድማለሁ፤ ስትበደሪ ቁጠባም ይዘሽ ነውና። የትም ብትሄጂ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቂ አትፈርሚ፦ «ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በወሰድኩት ሙሉ ገንዘብ ላይ?» 60,000 ብር በ15 በመቶ ለ12 ወር ብትወስጂ፣ በቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ በየወሩ 5,415 ብር ገደማ ትከፍያለሽ፤ የዓመቱ ወለድ ወደ 5,000 ብር ነው። በሙሉው ላይ ከሆነ ግን በየወሩ 5,750፣ ወለዱም 9,000 ብር ይሆናል። ሁለቱም «15 በመቶ» ተብለው ነው የሚነገሩሽ። የአገልግሎት ክፍያና የመድን ክፍያ ካለም ጨምረሽ ደምሪ።

ጠቅልሎ መበደር የሚያዋጣው አዲሱ ብድር ከአሮጌዎቹ ሲረክስ ነው። ከሰውየው የወሰድሽው ወለድ ካለው መጀመሪያ እሱን ዝጊ። የባንክ ክፍያ ደግሞ አታሳልፊ፤ አንዱ ጋ የተበላሸ ብድር ሌላው ባንክ ሲያጣራ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት በኩል ይታየዋል።

ሌላ መልስ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ደህና ነው፣ እቁብ ግን ተረሳ። እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ ነው የምነግደው፣ ቆሮሶም አምባዛም። ዓሣ ውሎ አያድርም፤ ለሆቴል በዱቤ ሰጥቼ ብር እስኪለቁልኝ የማንቀሳቀስበትን የማገኘው ከእቁብ ነው። ወለድ የለውም፣ ማመልከቻም አይጠይቅም። ጾም ሲገባ ገበያው ስለሚደራ ዕጣዬ ከዚያ በፊት እንዲደርሰኝ ከሰብሳቢው ጋር እነጋገራለሁ።

መልስ፦
ወንድሜ ልክ ነህ፣ እቁብን ማንሳት ነበረብኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው የእቁቡ ተበዳሪ ነው። ስለዚህ ብሩን እንደ ትርፍ አትጻፉት፤ የቀረውን መዋጮ የዕዳ ገጽ ላይ አስፍሩት። ዕጣችሁን በቅናሽ ለሌላ ከሸጣችሁም የተቀነሰው ብር ወለድ ማለት ነው፣ ወጪ ላይ ይግባ።

ሌላ መልስ፦
ፒችትሪ የሚባለውን የኮምፒውተር ሒሳብ ፕሮግራም አስጭኚ የሚልሽ ካለ ለአሁኑ ይቆይ። ብዙ ዕቃና ብዙ ሠራተኛ ላለው ይጠቅማል፤ ለቁርስ ቤት በወር አንዴ ደብተሩን የሚያይልሽ የሒሳብ ባለሙያ ይበቃል። የዕቃ መግዣ ደረሰኞችን ግን በወር በወሩ ፖስታ ውስጥ አስቀምጪ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲለወጥ ገቢዎች ቢሮ ስትሄጂ ያለሱ መከራከሪያ የለሽም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰውየው የሰጠኝ 40,000 ነው፣ አሁን 55,000 የሚል ወረቀት ፈርሚ እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦
አትፈርሚ እህቴ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግለሰቦች መካከል ያለ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም፤ በጽሑፍ ከዚያ በላይ ከተዋዋሉ ተበዳሪው የሚከፍለው 9 በመቶ ብቻ ነው። አራጣ ማበደር በወንጀልም ያስጠይቃል። ነገር ግን 55,000 ተቀበልኩ ብለሽ ከፈረምሽ በኋላ የወሰድኩት 40,000 ነው ብሎ ማስረዳት በጣም ይከብድሻል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በማመን ወይም በመሐላ ስለሆነ ወረቀቱ ትልቅ ጉልበት አለው። የወሰድሽውን ትክክለኛ ገንዘብ፣ ቀኑንና ወለዱን የሚል ወረቀት በምስክር ፊት እንዲጻፍ ጠይቂ። እስካሁን በእጅ የከፈልሽው ካለ ቀኑን እያስታወስሽ ዛሬውኑ መዝገቡ ላይ አስፍሪ፤ ከእንግዲህ በባንክ ብቻ ላኪለት፣ ምክንያቱ ላይም «የብድር ክፍያ» ብለሽ ጻፊ። አልስማማም ካለ ሽማግሌ ከመላክሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ያለሽን ሰነድ ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።