ጨርቁን ሳልቆርጠው ልጠበው ወይስ ሰፍቼ ስጨርስ?

የጣና ዳር መርፌ፦
ሰላም የስፌት ሰዎች፣ ባህር ዳር ነኝ። እህቴ በቅርቡ ስለምትወልድ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምኩ ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉትን አይነት የአልጋ ልብስ ልሰራላት ነው፣ ላዩ አበባ አበባ ኮተን፣ መሃሉ ጥጥ፣ ገበሩ አቡጀዲ። ብዙውን ጨርቅ ከቅዳሜ ገበያ ነው የገዛሁት፣ አንድ ደማቅ ቀይ እና ጥቁር ሰማያዊ አለበት፣ ከእናቴ አሮጌ ቀሚስ ላይ የቆረጥኩትን ጥለትም መሃል ላይ ላስገባው ፈልጌያለሁ። እና ከመቁረጤ በፊት ልጠበው ወይስ አዲስ እንደሆነ ልስፋው? ዩቲዩብ ላይ ግማሾቹ ካላጠብሽ አለቀልሽ ይላሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ጨርቁ ድርቅ እንዳለ ሲሆን ነው ቀጥ ብሎ የሚቆረጠው ይላሉ፣ ግራ ገባኝ በቃ። ሌላው ደግሞ ሲያልቅ አጥቤ ልስጣት ወይ? አክስቴ "ታጥቦ የተሰጠ ነገር አዲስ አይባልም፣ እንኳን ታጥቦ እንዲሁም ድሪቶ ነው የሚሉት" እያለች አስፈራራችኝ ሃሃሃ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣልን ሁለቴ ማጠብ ቀልድ አይደለም እሺ።

ባለ ሲንጀሯ፦
የእናትሽ ጥለት ባይኖር ኖሮ እንደፈለግሽ አድርጊ እልሽ ነበር። ስፌቱን የሚያበላሸው የታጠበና ያልታጠበ ጨርቅ አንድ ላይ መግባቱ ነው። የቀሚሱ ጥለት ስንት ጊዜ ታጥቦ የሚሰበሰበውን ያህል ተሰብስቧል፣ አዲስ ኮተን ግን መጀመሪያ ሲታጠብ ከ100 ሴንቲ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ይገባል፣ 2 ሜትር አቡጀዲ እስከ 10 ሴንቲ ሊያጥርብሽ ይችላል ማለት ነው፣ ያኔ ጥለቱ መሃል ላይ ይነፋል ዙሪያው ይኮማተራል። ስለዚህ አዲሱን ሁሉ እጠቢው። ደግሞ ከገዛሽው ውስጥ ፖሊስተር ያለበት ካለ እሱ አይገባም፣ ባይቀላቀል ይሻላል። ትናንሽ አድርገሽ የቆረጥሽው ካለ ማሽን ውስጥ እንዳትከቺው ክሩ ተተርትሮ ኳስ ይሆናል፣ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ሳታሺ አውጪው። ሙሉውን ጨርቅ ስታጥቢ ደግሞ አራቱንም ማዕዘን ትንሽ ትንሽ በመቀስ ከቆረጥሽው መተርተሩ ይቀንሳል። እርጥብ እያለ ተኩሺው። ድርቅ እንዲልልሽ ከፈለግሽ የሩዝ ቅቅል ውሃ ቀባ አድርገሽ መተኮስ ነው፣ ያው ይመለሳል።

ክርና ቀለም፦
ቴክስታይል ነው የተማርኩት፣ እዚሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ። ቀለሙ ላይ ልጨምርልሽ። አቼቶና ጨው ጨምሪበት ቀለሙን ያጸናዋል የሚሉሽን አትስሚ፣ አቼቶ ሱፍና ሐር በሚቀለምበት ቀለም ላይ ነው የሚሰራው፣ ፋብሪካ ቀልሞ ጨርሶ ሱቅ የገባ ኮተን ላይ ምንም አያመጣም። ቀይ የሚለቀው ብዙ ጊዜ ከክሩ ጋር ያልተያያዘ ትርፍ ቀለም ላዩ ላይ ስለቀረ ነው፣ መድኃኒቱ አጥቦ ማስወጣት ብቻ ነው። ቀዩንና ሰማያዊውን ለየብቻ በብዙ ውሃና በኦሞ እጠቢ፣ ውሃው ጥርት እስኪል አለቅልቂ። ከዛ መፈተኛው ቀላል ነው፣ ቀዩን እርጥቡን ነጭ አቡጀዲ ላይ አስቀምጠሽ በካውያ ጫን አድርጊበት፣ ነጩ ሮዝ ከሆነ ገና ነው። አራት አምስቴ አጥበሽውም ከለቀቀ ለትራስ ልብስ አድርጊው፣ ከነጭ ጋር አትስፊው። ካለቀ በኋላም ድንገት ቢለቅብሽ እንዳታደርቂው እንዳትተኩሺው፣ እርጥብ እንዳለ መልሰሽ እጠቢው። በረኪና ደግሞ ወደዛ!

ሌላው ሕፃን ነው የሚለብሰው። አንዳንድ ጨርቅ እንዳይጨማደድ ተብሎ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር ያለበት ኬሚካል ይደረግለታል፣ የመጀመሪያው እጥበት ብዙውን ይቀንሰዋል። ለዛ ብቻም ቢሆን እኔ አጥባለሁ።

እትዬ ቡሉኮ፦
ልጆቼ በጣም አታጨናንቋት። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሣ ተሰርቶ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚህ ከተማ አቡጀዲ አጥቦ የሚሰፋ አላየሁም፣ ሁሉም አዲስ ከሆነ አንድ ላይ ነው የሚሰበሰበው። እኔ እንደውም ሲሰበሰብ ነው የምወደው፣ ጋቢ አንዴ ታጥቦ ወፈር ጠበቅ ሲል አይደል የሚሞቀው፣ ስፌቱም ላይ ሽብሽብ ይላል ደስ ይላል። ይቺ ልጅ ግን አሮጌ ጥለት ስላለባት ባለ ሲንጀሯ ያለችውን ታድርግ። አክስትሽ ያሉት እውነት ነው በእኛ ወግ፣ ግን አራስ ቤት ለሚገባ ነገር ነውር የለውም፣ "ለልጁ ብዬ አጥቤዋለሁ" በያት ተኩሰሽ አጥፈሽ ስጫት። እጅሽ የነካው ቅባትና ምልክት ያደረግሽበት ጠመኔ ሁሉ አብሮ ይወጣል።

ወሩን ግን እዪ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ ጥጥ ያለበት ወፍራም ነገር በአንድ ቀን አይደርቅም፣ መሃሉ ይሻግታል፣ ሽታው ደግሞ አይለቅም። ጣና ወርጄ ልጠበው እንዳትዪ፣ በክረምት ውሃው ደፍርሶ ነጩን ገበር ቡኒ ነው የሚያደርገው። አትጭመቂው፣ ገመድ ላይም በአንድ በኩል አታንጠልጥዪው ውሃው ሲከብደው ስፌቱን ይስበዋል፣ ሁለት ሦስት ገመድ ላይ ዘርጊው፣ ጥላ ላይ፣ የእኛን ፀሐይ ታውቂያታለሽ ቀዩን ታነጣዋለች። ሳይመሽ አስገቢው ትንኙ ሳይወርድበት።

የጣና ዳር መርፌ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። እሺ ሁሉንም አጥባለሁ፣ ቀዩን ለብቻው። አንድ ነገር ብቻ፣ መሃል ላይ የማስገባው ፈረንጅ ሀገር እንደሚሸጠው እንደ ጨርቅ ተያይዞ የተነጠፈ ጥጥ አይደለም፣ ባዘቶ ነው፣ ለፈትል የሚነደፈው ልቅ ጥጥ። ሲታጠብ ምንም አይሆንም አይደል?

ባለ ሲንጀሯ፦
ወይ ጉድ ይሄን መጀመሪያ አትነግሪንም! ባዘቶ ከሆነ ካልተያዘ ሲታጠብ ተጠቅልሎ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ባዘቶውን በሁለት ስስ ሻሽ መሃል ሳሳ አድርገሽ እኩል አንጥፊው፣ ከዛ ሦስቱንም አንድ ላይ በአራት ጣት በአራት ጣት ርቀት ስፊበት፣ ስንዝር ካለፈ አይይዝም። ማሽኑ ካልዋጠልሽ በእጅ ነው።

የጣና ዳር መርፌ፦
በእጅ?? እህቴ እስክትወልድ አልደርስም በቃ ሃሃሃ። እሺ፣ ትንሽ አሳንሼ ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን አደርገዋለሁ።